ቤኒ በምን ሞተች?

ቤኒ የሞተችው ሩዝ መትከል በጀመርንበት ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ከተማ ያሉ ሰዎች ዓሣ ሞተ ሲባሉ "ውይ" ብለው ወሬ ይቀይራሉ። እኛ መንደር እንደዚያ አይደለም። እዚህ ተራራ ላይ ከሩዝ እርሻው ይልቅ የዓሣ ኩሬው ይበዛል፤ ሰውም የልጁን ልደት ይረሳል እንጂ ዓሦቹ የተፈለፈሉበትን ዓመት አይረሳም። ቤኒ ደግሞ ለገበያ የምትቀርብ አልነበረችም። የመሬት መንቀጥቀጥ ከመንደራችን አስወጥቶን በተመለስን ጊዜ የተፈለፈለች፣ ባሌ "ይቺ የቤት ናት" ብሎ በረንዳችን ሥር ባለው ኩሬ ያኖራት፣ ነጭ ገላዋ ላይ ሦስት ቦታ ቀይ ያረፈባት፣ ኮይ የሚባለው የጌጥ ዓሣ ነበረች። ባሌ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። ጠዋት ጠዋት ስወጣ ከውሃው ብቅ ብላ የምትጠብቀኝ እሷ ነበረች።

ስሜ ቶሜኮ ነው፤ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ እንጀራዬ ዓይኔ ነበር። ከአንዲት እናት ከሚፈለፈሉት መቶ ሺህ ጫጩቶች የሚቀረውንና የሚወጣውን የምንለየው እኛ ሴቶቹ ነን። ወንዶቹ ኩሬ ይቆፍራሉ፤ በመከር ወቅት በሚደረገው የዓሣ ውድድር ላይ ደግሞ ዋንጫ ታቅፈው ፎቶ ይነሣሉ። የእኔ ዓይን በአምስት መንደር የታወቀ ስለሆነ ዓሣ የሞተበት ሰው ሁሉ ይጠራኛል። ሄጄ፣ ጎንበስ ብዬ አይቼ፣ "በዚህ ነው የሞተው" እላለሁ። መልስ ሳልሰጥ የወጣሁበት ግቢ የለም። በዚህ እኮራ ነበር፤ አሁን ምን እደብቃለሁ።

የዚያን ጠዋት ምግብ ይዤ ስወጣ አራቱ ዓሦች መጡ፤ ቤኒ አልመጣችም። ሌላ ጊዜ ሌሎቹን በጎኗ ገፍታ ጣቴን እስክትጠባ ድረስ ነበር የምትደፍረኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ውሃው የሚገባበት ጥግ ሥር በጎኗ ተኝታለች። ልጄን ኢሳኦን ጠራሁት፤ ዘጠኝ ኪሎ ብቻዬን አላወጣም። እርጥብ ጨርቅ ላይ አጋደምናትና ሥራዬን ጀመርኩ።

ዓይኗ ጥርት ያለ ነው። ከቅርፊቷ አንድም የተነሣ የለም፤ ክንፏ አልተቀደደም፤ ሆዷ አላበጠም። የጉንጯን ክዳን ገልጬ የምትተነፍስበትን ስንጥብ አየሁ፤ ጽድት ያለ ቀይ ነው። ውሃውን ለካሁ፤ ንጹሕ ነው። አየር መንፊያው ሲሠራ አድሯል። ከገላዋ ላይ ዝልግልጉን ጭሬ በማይክሮስኮፕ አየሁ፤ አንድ ተባይ የለበትም። አራቱ ጓደኞቿ እዚያው ውሃ ውስጥ ሆነው ቁርስ የት አለ እያሉ አፋቸውን ይከፍታሉ።

"እማዬ፣ ምን ሆና ነው?" አለኝ ኢሳኦ።

አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። ኢሳኦ በአርባ ሦስት ዓመት ዕድሜው እንዲህ ያለ ነገር ከእኔ አይቶ ስለማያውቅ ደነገጠ።

"የሚጠጣ ውሃ ላምጣልሽ?"

"ውሃ ምን ያደርግልኛል? ሂድ ሥራህን ሥራ" አልኩት።

እኛ ዘንድ የቤት ዓሣ ሲሞት ጎረቤት መጥቶ ያያል፤ እያንዳንዱም አንዳንድ ምክንያት ትቶ ይሄዳል። ከእኛ በላይ የሚኖረው ሰውዬ የጥድ ብናኝ ነው አለ። ሚስቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ሊመጣ ነው አለች። ጎንፔይ ደግሞ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ሬሳውን ሦስት ጊዜ ዞረው። ጎንፔይ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው፤ አብረን ነው የተማርነው፤ ስለዚህ ለእሱ አፌን አልሰበስብም።

"አንቺን ተክታ ነው የሞተችው" አለ። "ሞት ወደ አንቺ ሲመጣ መንገድ ላይ ተቀበለችው። የቤት ዓሣ እኮ ለጌታው ነው የሚሞተው።"

"ሞት እኔን ከፈለገ ቤቴን ያውቀዋል። እንዳንተ የሰው ደብዳቤ እኔ ደጅ አይጥልም።"

"እሱንም ሁለቴ ብቻ ነው የተሳሳትኩት።"

"ሦስቴ።"

ሰው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ውስጤ ግን እየነደደ ነበር። ኀዘኑንስ እችለዋለሁ፤ ባል ቀብሬያለሁ፣ እናት አባት ቀብሬያለሁ። ባሌ ሲሞት ግን ሐኪሙ ልቡ ነው አለኝ፤ አለቀስኩና ወጣልኝ። ለቤኒ የማለቅስበትን ቦታ አጣሁት። በየሰዓቱ እየተነሣሁ ያንኑ ውሃ እለካለሁ። ኢሳኦ የመለኪያውን ወረቀት ጨርሰሽዋል ብሎ እስኪቆጣኝ ድረስ ለካሁ።

በማግስቱ በበረዶ አሽጌ ዓሣ ወደሚመረመርበት ቢሮ ላክኋት። ሐሙስ ሐኪሟ ደወለችልኝ።

"ከፍተን አይተናታል። ምንም የተለየ ነገር አላገኘንም" አለችኝ። "አልፎ አልፎ እንዲህ ይሆናል።"

"አልፎ አልፎ የሚሆነው ነገር ስም የለውም?"

"የለውም። በምን እንደሞተች አናውቅም። አዝናለሁ።"

በትሕትና ነው የተናገረችው፤ ግን ምንም አላፈረችም። እኔ በአርባ ዓመት አንዴ ያልደፈርኩትን ቃል እሷ በአንድ ትንፋሽ ብላው ወደ ሌላ ሥራዋ ሄደች። መጀመሪያ ተናደድኩባት፤ ቆይቶ ግን ቀናሁባት።

ዓርብ ቤኒን መልሰው ላኩልኝ፤ ከአትክልት ቦታችን ጫፍ ልንቀብራት ወጣን። ጎንፔይ ይቆፍራል፤ እኔ ደግሞ በትንሿ አካፋ አፈሩን ወደ ዳር አወጣለሁ።

"እንግዲህ ሰው ሲጠይቀኝ በምን ሞተች ልበል?" አለኝ ላቡን እየጠረገ።

"አይታወቅም በል።"

"እሱማ አይሆንም። አንቺ አላውቅም ካልሽ ሰው ሁሉ ስለ ገዛ ኩሬው ይሰጋል። እንደ ጋሽ ሺገዞ ዓሣ ክሎሪን ነው በይና ገላግይው። ያኔ አንድ ቃል ተናገርሽ፤ ሁሉም ቤቱ ገብቶ ለጥ ብሎ ተኛ።"

አካፋው ከእጄ ወደቀ። የጋሽ ሺገዞን ዓሣ ስንጥብ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ አሁን ፊቴ ላይ ያለ ያህል አየሁት። ጽድት ያለ ቀይ ነበር። እንደ ቤኒ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ሺገዞ ከእኛ ቁልቁል ሦስተኛው ቤት ናቸው፤ አሁን ሰማንያ ስምንት ሞልቷቸዋል። ያኔ የዓይን ሞራ ሊያስገፍፉ ሆስፒታል ገብተው ሁለት ቀን ሲቆዩ ቤቱንም ኩሬውንም የጠበቀችው የልጃቸው ሚስት ሳትሱኪ ነበረች፤ ልጃቸው ከባሕር ዳርቻ ከተማ ካገባት ያኔ ገና ሦስተኛ ዓመቷ ነበር። ባሏ የጭነት መኪና ስለሚነዳ ቤት የሚያድረው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ጋሽ ሺገዞ ዓይናቸውን በፋሻ ተጠቅልለው ሲመለሱ ሱሚ የሚሉት ጥቁር ጣል ጣል ያለበት ትልቁ ዓሣቸው ሞቶ ተንሳፍፏል። እኔን አስጠሩኝ። "እኔ አይታየኝም፤ በአንቺ ዓይን እይልኝ" አሉኝ።

አየሁ። ምንም አላገኘሁም። ስድስት ሰው ኩሬውን ከቦ አፍ አፌን ያያል። ዞር ስል የውሃ ጎማው ኩሬው ዳር ተጋድሞ፣ ረጥቦ አየሁት። "የቧንቧ ውሃ ሳያሳድሩ ለቀውበት ነው፤ ክሎሪን ነው የገደለው" አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ሳትሱኪ ከበሩ ሥር ቆማ "ቧንቧውን አልከፈትኩትም" አለች፤ ቀስ ብላ። "እንግዲያው ቧንቧው ራሱን ከፍቷላ" አልኩና ሰውን አሳቅሁ።

ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ጎማው ብቻ ሳይሆን ድንጋዩም፣ ሣሩም፣ የሰዉ ጫማም ረጥቦ ነበር። ክሎሪን ደግሞ ስንጥብ ያቃጥላል፤ ጠርዙን ያነጣዋል፤ አተላ የመሰለ ነገር ያለብሰዋል። ይህንን እኔ ለሌላ ሰው የማስተምር ሰው ነኝ።

ጋሽ ሺገዞ አልጮሁባትም፤ አልሰደቧትም። "ወደ ኩሬው በኩል አትምጪ" ብቻ አሏት። ዘጠኝ ዓመት አልሄደችም። የታጠበ ልብስ እንኳ ፀሐይ በማይደርስበት በቤቱ ጀርባ ነው የምታሰጣው፤ ለመድረቅ ሁለት ቀን ይፈጅበታል። መንደሩ ሁሉ ያየዋል። እኔም ባለፍኩ ቁጥር አየው ነበር፤ "ትማርበታለች" እያልኩ አልፍ ነበር።

"ምን ሆንሽ?" አለኝ ጎንፔይ።

ነገርኩት። መቆፈሪያውን ተደግፎ ሰማኝ።

"ተይው" አለኝ በመጨረሻ። "ዘጠኝ ዓመት የተቀበረ ነገር ነው። አሁን ብታወጪው ሽታው ነው የሚወጣው። ከዚህ በኋላስ ማን ያምንሻል?"

"አይመኑኛ።"

"የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ነው የሚሉሽ።"

"ይበሉኝ፤ እውነታቸውን ነው" አልኩት። "ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ይሁን፣ መመለስስ አልችልም። ተከትዬው ግን መሄድ እችላለሁ። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው እንጂ እግሬ ደህና ነው።"

ቤኒን ቀብረን አፈሩን አስተካከልን። የዚያን ቀን ውሃውን አልለካሁም።

ቅዳሜ ጠዋት ቁልቁለቱን ወረድኩ። ጋሽ ሺገዞ ወትሮም እንደሚያደርጉት በረንዳው ላይ ወደ ኩሬው ዞረው ተቀምጠዋል። ሳትሱኪ ሻይና የተቦካ አትክልት አቀረበችልኝና ወደ ኋላ ልትመለስ ስትል ያዝኳት።

"አንቺም ተቀመጪ፤ ለአንቺም ነው የመጣሁት።"

ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ፊቷን ወደ ክፍሉ፣ ጀርባዋን ወደ ኩሬው አድርጋ።

"ቤኒን ሰማሁ" አሉ ጋሽ ሺገዞ። "በምን ሞተች?"

"አላውቅም።"

ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘነበሉ። "ምን አልሽ?"

"አላውቅም ነው ያልኩት። አይቻለሁ፣ መርምሬያለሁ፣ አስመርምሬያለሁ። አላውቅም።"

"አርጅተሻል።"

"አርጅቻለሁ፤ ለእርስዎ ግን ገና አልደርስም። ይስሙኝ፣ ጋሽ ሺገዞ። የእርስዎም ሱሚ በምን እንደሞተ አላውቅም። ዛሬ ረስቼው አይደለም፤ ያን ቀንም አላውቅም ነበር።"

የሻይ ጽዋቸውን አስቀመጡ። "ክሎሪን ነው። አንቺ ነሽ ያልሽው።"

"ውሸቴን ነው። ስንጥቡ ንጹሕ ነበር። ስድስት ሰው ቆሞ ሲያየኝ አላውቅም ማለት አፈርኩ። ጎማው መሬት ላይ ነበር፤ ያገኘሁት እሱን ስለሆነ እሱን አልኩ። ዓይንዎን አምነው ሰጥተውኝ ነበር፤ እኔ ግን ስሜን ነው ያየሁበት።"

"እንግዲያው በምን ሞተ?"

"አልኩዎ እኮ፤ አላውቅም።"

"ሰው ሳያውቅ እንዴት ይተኛል?" አሉና ድምፃቸው ከፍ አለ። "ዘጠኝ ዓመት ደህና ተኝቼ ከርሜያለሁ። አሁን መጥተሽ ልትቀሰቅሺኝ ነው?"

"አዎ፣ ልቀሰቅስዎ ነው። እርስዎ በተኙ ቁጥር እዚህ ቤት ያልተኛ ሰው አለ።"

ጋሽ ሺገዞ መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ከፈቱ። የተናገረችው ግን ሳትሱኪ ናት።

"እትዬ ቶሜኮ፣ ከፍቼዋለሁ እኮ።"

ሁለታችንም ዞርን።

"ያኔ አልከፈትኩም ነበር" አለች፤ እጆቿን ጭኗ ላይ እያየች። "አልከፈትኩም ስል እውነቴን ነበር። በሁለተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ ስከፍተው ማየት ጀመርኩ። ሳህን ሳጥብ ይመጣብኛል። እጄ ቧንቧው ላይ ነው፤ ብረቱ ይቀዘቅዛል፤ አዙሬ ስለቀው ውሃው ሲሄድ እሰማለሁ። ሰማያዊ ጓንት አድርጌያለሁ። ጓንቱን የገዛሁት ሱሚ ከሞተ በኋላ ነው። አውቃለሁ። ቢሆንም አየዋለሁ።"

ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ እንደዚያን ቀን ያፈርኩበት ግን የለም። ሰው ሳልገድል የሰው እጅ ወስጄ ወንጀለኛ አድርጌዋለሁ። ተንበርክኬ ግንባሬን ምንጣፉ ላይ አደረግሁ። ሳትሱኪ "እባክዎ ይነሡ፣ ይነሡ" እያለች ትከሻዬን ትይዘኛለች። አልተነሣሁም፤ እዚያው ሆኜ ተናገርኩ።

"ስሚኝ፣ ልጄ። ስለ ብዙ ነገር አላውቅም፤ ከዚህ በኋላም አላውቅም እላለሁ። ይህን ግን አውቃለሁ። ያንን ስንጥብ በሁለት ዓይኔ አይቼዋለሁ። የክሎሪን ውሃ አልነካውም። ቧንቧው ቢከፈትም ባይከፈትም ሱሚን የገደለው እሱ አይደለም። አንቺ አልገደልሽውም። ይህን ማንም ቢጠይቀኝ፣ የትም ቢያቆመኝ እናገራለሁ፤ መንደሩ ተሰብስቦም ቢሆን እናገራለሁ።"

ቀና ስል እያለቀሰች ነበር፤ ያለ ድምፅ፣ አፏን በእጇ ይዛ። እኔም አለቀስኩ። ለቤኒ ይሁን ለእሷ አልለየሁትም። ሁለቱም ይገባቸው ነበር።

ጋሽ ሺገዞ ኩሬውን ያያሉ። የእኛ መንደር ወንድ ይቅርታ ከሚል ጥርሱን ቢያወልቅ ይመርጣል፤ ስለዚህ አልጠበቅሁም። ሻዬ ቀዘቀዘ። ልነሣ ስል ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ሳትሱኪ።"

"አቤት፣ አባባ።"

"ዓሦቹ የጠዋቱን ገና አልበሉም።"

ከጎናቸው የነበረውን የምግብ ሳህን በእጃቸው ጫፍ ወደ እሷ ገፉት። ሳትሱኪ ሳህኑን አየችው፤ እኔን አየችኝ። ከዚያ ተነሣች፤ ከበረንዳው ወርዳ ጫማ አደረገችና በድንጋዩ መንገድ ወደ ኩሬው ሄደች። ከቤቱ እስከ ኩሬው አሥር እርምጃ አይሞላም።

ዳር ስትደርስ ዓሦቹ በሙሉ በረገጉ። ኮይ የሚያበላውን ሰው ኮቴ ያውቃል፤ የማያውቀውን ይሸሻል። ሰባቱም ወደ ወዲያኛው ጥግ ሸሽተው ድንጋዩ ሥር ተሸጎጡ። ሳትሱኪ ምግቡን በእጇ እንደያዘች ቆመች። ወደ እኛ ዞረች፤ ፊቷ ላይ ያ የድሮው ነገር ተመልሶ ሲመጣ አየሁት። አንድ ነገር ልናገር ብዬ ተውኩት፤ ለአንድ ጠዋት የተናገርኩት ይበቃል።

"አንቺን ጠልተው አይደለም" አሉ ጋሽ ሺገዞ ከበረንዳው። "እግርሽን አያውቁትም። ነገም ነይ። ከነገ ወዲያም ነይ። አሥር ቀን ይፈጅባቸዋል።"

"እሺ፣ አባባ" አለች።

በትራቸውን ፈልገው ያዙ። ለመነሣት ጊዜ ፈጀባቸው፤ ልደግፋቸው ብል እጄን መቱኝ። ከቆሙ በኋላ ኩሬውን ሳያዩ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ቤት መራመድ ጀመሩ።

"እርስዎስ የት ነው?" አልኳቸው።

"ውስጥ" አሉኝ። "አሥሩን ቀን አልወጣም። የእኔን ኮቴ ከሰሙ የእሷን አይለምዱም።"